የቤት እንስሳት ድምፅ በመኖሪያ ሰፈር፦ የአርቢውና የጎረቤቱ መብትና ግዴታ



ገና ሳይነጋ የሚጮኽ አውራ ዶሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያላዝን የታሰረ ውሻ፣ ለበዓል ተገዝቶ በረንዳ ላይ የሚሰነብት በግ፦ እነዚህ በከተማ ነዋሪዎች መካከል ቅሬታ ከሚያስነሡ ጉዳዮች መካከል ይገኛሉ። ጉዳዩ ለሰሚው ቀላል ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሌሊት ተራ ሠርቶ ገና አሁን ጋደም ላለ ሠራተኛ፣ ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ፣ ለታማሚ ወይም ለአራስ እናት እንቅልፍ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ከዶሮዎቿ እንቁላል የዕለት ወጪዋን የምትሸፍን እናትም፣ ቤቱን ከሌባ ለመጠበቅ ውሻ የሚያሳድግ አባወራም የሚያነሡት ተገቢ ምክንያት አላቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች መብታቸውንና ግዴታቸውን እንዲያውቁ፣ ድምፁን በቀላል ዘዴ እንዲቀንሱና መግባባት ካልተቻለ አቤቱታቸውን የትና እንዴት እንደሚያቀርቡ ማስረዳት ነው። ከአንባቢያን እንዲያዝ የምንፈልገው ዋና ነጥብም የሚከተለው ነው። በአብዛኛው ክርክሩ «እንስሳው ይኑር ወይስ ይወገድ?» የሚል መሆን የለበትም። ሊታይ የሚገባው እንስሳው በስንት ሰዓት ይጮኻል፣ የት ቦታ ነው ያለው፣ ብዛቱስ ስንት ነው የሚለው ነው። ሰዓት፣ ቦታና ብዛት ከተስተካከሉ አብዛኛው ቅሬታ ወደ መሥሪያ ቤት ሳይደርስ ይፈታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 መሠረት ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። በአንቀጽ 40 ደግሞ የዜጎች የንብረት መብት ተጠብቋል። የጎረቤቱ መብት ከመጀመሪያው፣ የአርቢው መብት ከሁለተኛው የሚመነጭ ሲሆን አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ድንጋጌ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ላይ ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ባለሀብት የሆነ ሰው በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ ወይም መጉዳት የለበትም። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅም ሆነ ንዝረት በመልካም ጉርብትና ከሚታለፈው መጠን በላይ እንዳይሆን ሕጉ ያዛል። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ «ምንም ድምፅ አይሰማ» አለማለቱ ነው። በጉርብትና መኖር የተወሰነ ድምፅን መቻልን ይጠይቃል። የተከለከለው ከልክ ያለፈው ነው።

ድምፅ የአካባቢ ብክለት ተደርጎ የሚወሰድበት ሁኔታም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በብክለትነት ከሚመለከታቸው ነገሮች መካከል አንዱ ድምፅ ነው። አዋጁን ተከትሎ በወጣው የአካባቢ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን 55 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70 ዴሲቤል ይፈቀዳል። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እስኪነጋ ድረስ ያለው እንደ ሌሊት ይቆጠራል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖሩ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ተፈጻሚ ይሆናል። በአዋጁ መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይቋቋማል፤ ማኅበሩም ሕንፃውንና የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድርበት መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል። በመሆኑም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው እንስሳ ከማምጣቱ በፊት አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ሰነድ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ዴሲቤል ምንድን ነው?

ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ ግራም በእኩል እየተደመረ አይሄድም። የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ አደገ ማለት ነው፤ በጆሯችን ግን ድምፁ እጥፍ ያህል የጨመረ ሆኖ ይሰማናል። ስለዚህ በ45 እና በ55 መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ለተኛ ሰው ትልቅ ነው።

ርቀትም ወሳኝ ነው። በገላጣ ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ለምሳሌ ከጎረቤት መስኮት 2 ሜትር ርቆ የነበረ የዶሮ ቤት ወደ 8 ሜትር ቢዛወር ድምፁ በ12 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን በገላጣ ቦታ ነው። በሕንፃዎች መካከል ባለ ጠባብ ግቢ ወይም በደረጃ መውጫ ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ስለሚያስተጋባ በርቀት የሚገኘው ጥቅም ያንሳል።

በስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያዎች ግምት ለመያዝ ይረዳሉ። ሆኖም የተረጋገጠ መሣሪያ ስላልሆኑ ውጤታቸው እንደ ይፋ ልኬት አይቆጠርም። እንዲሁም አንድ ጊዜ የጮኸ እንስሳ ሁሉ ደንብ ተላልፏል አይባልም። የድምፁ ከፍታ፣ ሰዓቱ፣ ድግግሞሹና የሚቆይበት ጊዜ አብረው ይታያሉ።

አውራ ዶሮ ለምን ይጮኻል? እንዴትስ ድምፁን መቀነስ ይቻላል?

አያቶቻችን ሰዓት ሳይኖራቸው ሌሊቱን በዶሮ ጩኸት ሲለኩ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት አውራ ዶሮዎች ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ እንዲቆዩ ሲደረግም በየዕለቱ በተመሳሳይ ጊዜ ገደማ መጮኻቸውን እንደቀጠሉ ታይቷል። ይህም የንጋቱ ጩኸት ከውስጥ ከሚመራቸው የሰውነት ሰዓት የሚመነጭ መሆኑን ያሳያል። ብርሃንና የሌላ ዶሮ ጩኸት ደግሞ ጩኸቱን ያባብሱታል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አውራ ዶሮን በመገሠጽ፣ በመምታት ወይም ውኃ በመርጨት ዝም ማሰኘት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቤቱን በማጨለም ብቻ ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቢሆንም በብርሃንና በሌሎች ዶሮዎች ጩኸት የሚቀሰቀሰውን ክፍል መቀነስ ይቻላል። የሚከተሉት ዘዴዎች ይረዳሉ።

የመጀመሪያው አውራ ዶሮው በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ ማጤን ነው። ብዙ አርቢዎች ዶሮ ያለ አውራ እንቁላል የማትጥል ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ሴት ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ታቅፎ ጫጩት እንዲፈለፈል ሲፈለግ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምግብና ለሽያጭ እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው አውራውን ቢያስቀር ከእንቁላሉ የሚቀንስበት ነገር የለም።

ጫጩት ማስፈልፈል የሚፈልግ ሰው ደግሞ አውራ ዶሮ ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጥ አይጠበቅበትም። ሴት ዶሮ ከአውራ ከተለየች በኋላም ለተወሰኑ ቀናት፣ በአብዛኛው ለአንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል ትጥላለች። በመሆኑም ጎረቤታሞች አንድን አውራ በየተራ መጠቀም ይችላሉ። ይህ ሲደረግ ግን ዶሮዎቹ የፈንግል በሽታ ክትባት የወሰዱ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባል፤ ፈንግል ከቤት ወደ ቤት በፍጥነት ይተላለፋል።

ሁለተኛው ብዛቱን መቀነስ ነው። አንዱ አውራ ሲጮኽ ሌላው ይመልሳል። በአንድ ግቢ ሁለትና ሦስት አውራ ካለ ጩኸቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች መካከል አውራዎቹ ዐዋቂ ሆነው መጮኽ ሳይጀምሩ፣ ማለትም አራትና አምስት ወር ገደማ ሳይሞላቸው፣ ለሽያጭ ወይም ለምግብ ማዋል ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛው ማደሪያውን ማስተካከል ነው። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኝታ ክፍል መስኮት ርቆ፣ በሩም ወደ ራስ ቤት ዞሮ ቢሠራ ይመረጣል። ሌሊት የመንገድ መብራት ወይም የበረንዳ አምፖል ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከለል ያስፈልጋል። ግድግዳው ከቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በውስጥ በኩል እንጨት ወይም በጭድ የተመረገ ጭቃ ቢጨመርበት ድምፅ ያፍናል። አውራ ዶሮ ሲጮኽ አንገቱን ወደ ላይ ስለሚዘረጋ አንዳንድ አርቢዎች ሌሊት ጣሪያው ዝቅ ባለ ማደሪያ ያሳድሩታል። በዚህ ጊዜ በቂ አየር ማስገቢያ መኖሩ፣ ዶሮው ሳይጨናነቅ መቆምና መዞር መቻሉ፣ ሲነጋም ወደ ሰፊ ቦታ መለቀቁ መረጋገጥ አለበት። ታፍኖ ያደረ ዶሮ ይታመማል፣ ይሞታልም።

የበዓል ሰሞን

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ዶሮና በግ ቀደም ብሎ መግዛት የተለመደ ነው። ዋጋ ሳይጨምር ለመግዛት ሲባል እንስሳው በረንዳ ላይ ወይም ደረጃ ሥር ቀናትን ሊያሳልፍ ይችላል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በየፎቁ አንድ አውራ ዶሮ ከታሰረ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል በዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ድምፁ በደረጃው ውስጥ ስለሚያስተጋባ አምስተኛ ፎቅ ላይ የጮኸው መሬት ቤት ላለው ይደርሳል።

የበዓል ደስታ ሳይቀንስ ይህን ማቃለል ይቻላል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው በሕንፃው መግቢያ ማስታወቂያ በመለጠፍ እንስሳት የሚቆዩበትን ቦታ፣ ሊመጡ የሚችሉበትን ቀንና ስፍራውን የሚያጸዳውን ሰው ቢያሳውቁ ጥሩ ነው። በብዙ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመሰል አገልግሎት የተሠራ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ አለ። ለሌላ ዓላማ ካልዋለ ለጥቂት ቀናት ማቆያ እንዲሆን ማኅበሩ ሊወስን ይችላል። የሚቻለው ደግሞ በዋዜማው ወይም ከዋዜማው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢገዛ ለራሱም ለእንስሳውም ይቀላል።

ውሻ

ውሻ ያለ ምክንያት አይጮኽም። ቤት ለመጠበቅ የተያዘ ውሻ እንግዳ ሰው ሲመጣ ጮኾ ሲያበቃ ሥራውን ሠርቷል። ችግር የሚሆነው ለሰዓታት የማያቋርጥ ጩኸትና ማላዘን ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት መታሰር፣ ርኃብና ጥም፣ ብቸኝነት፣ በአጥር ቀዳዳ መንገደኛን እያየ መቆጣት እንዲሁም በመራቢያ ወቅት የሌሎች ውሾች መሰባሰብ ናቸው።

መፍትሔውም ከምክንያቱ ይነሣል። ውሻው በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በማሰሪያ ተይዞ ይንሸራሸር፤ የደከመ ውሻ ሌሊት ይተኛል። ምግቡ ምሽት ላይ ይሰጠው፤ ውኃም አይለየው። ወደ መንገድ የሚያሳየው የአጥር ክፍል በቆርቆሮ ወይም በሸራ ይከለል። ማደሪያው ከጎረቤት መኝታ ክፍል ርቆ ከራስ በር አጠገብ ይሁን። ውሻው ሲጮኽ ከቤት ውስጥ ሆኖ መጮኽ አይጠቅምም፤ ባለቤቱ አብሮት የሚጮኽ ስለሚመስለው ይብስበታል። ዝም ሲል ማመስገንና አልፎ አልፎ ትንሽ ምግብ መስጠት የተሻለ ውጤት አለው። ማራባት የማይፈልግ ባለቤት የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ውሻውን ማስመከን ይችላል። በድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ወይም ድምፁ የተዘጋ ውሻ ሲያጋጥም ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። እነዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ ውሻውን ሳይነኩ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ፣ የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን በውኃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ቅሬታ ያለበት ነዋሪ ምን ማድረግ አለበት?

አንደኛ፣ በቅድሚያ ጎረቤትን ማነጋገር። ብዙ አርቢዎች ድምፁን ስለለመዱት ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚሰማ አያውቁም። ንግግሩ እንቅልፍ በታጣበት ሌሊት በቁጣ ሳይሆን ቀን ላይ፣ ሰው ባልተሰበሰበበት፣ በአክብሮት ይደረግ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ። ስለ ዶሮዎ ላማክርዎ ብዬ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፤ ልጄ ደግሞ ፈተና ስለደረሰበት እንቅልፍ አጥቷል። ማደሪያውን ወደዚያኛው ማዕዘን ብናዞረው ምን ይመስልዎታል? ሥራውን እኔም አግዛለሁ።» ችግሩን፣ ሰዓቱንና የመፍትሔ ሐሳቡን አብሮ የያዘ ንግግር ከወቀሳ ይልቅ ይደመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ጉርብትና ላለማጣት ታስበው ሊወሰዱ ይገባል።

ሁለተኛ፣ መዝግቦ መያዝ። ንግግሩ ፍሬ ካላፈራ ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ይያዝ። ቀኑ፣ ድምፁ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ድምፁ የመጣበት ቦታና ያስከተለው ችግር ይጻፍ። «ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡20 እስከ 9፡50፣ አውራ ዶሮ፣ ከምሥራቅ በኩል ካለው የዶሮ ቤት፣ ሁለት ሕፃናት ነቅተዋል» የሚል አንድ መስመር «ሁልጊዜ ይረብሸናል» ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይልቅ ማስረጃ ይሆናል። ሌሎች ጎረቤቶችም በተመሳሳይ ከተቸገሩ ስማቸውንና ፊርማቸውን ማካተት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌ ወይም ማኅበር። በግል ግቢ ለሚኖሩ የሰፈር ሽማግሌዎች ወይም የዕድር ዳኞች፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለሚኖሩ ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሁለቱን ወገኖች እንዲያነጋግሩ ይጠየቃል። ስምምነት ሲደረስ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ በአጭሩ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙበት። ቀነ ገደብ የሌለው ስምምነት ብዙ ጊዜ አይፈጸምም።

አራተኛ፣ ወረዳ። በስምምነት ያልተፈታ ጉዳይ ለወረዳው አስተዳደር ወይም በከተማው ለተቋቋመ ደንብ አስከባሪ ክፍል በጽሑፍ ይቀርባል። የክፍሎቹ አደረጃጀትና ስያሜ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ መጀመሪያ ወረዳው የመረጃ ዴስክ ቀርቦ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል። ከማመልከቻው ጋር የመታወቂያ ቅጂ፣ የተያዘው ማስታወሻ፣ ካለም የማኅበሩ ወይም የሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ይያያዝ። ማመልከቻው ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር በቅጂው ላይ ማስመዝገብ እንዳይረሳ።

አምስተኛ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ተግባር በተመለከተ ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመስጫው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል። ለምሳሌ ጥቅምት 1 ቀን አቤቱታ አቅርቦ ኅዳር ሲገባ ምላሽ ያላገኘ ሰው የታኅሣሥ ወር ሳይወጣ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይኖርበታል። ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ነው የማመልከቻው ገቢ ቀን በቅጂው ላይ እንዲመዘገብ የተመከረው።

ቅሬታ የቀረበበት አርቢ ምን ማድረግ አለበት?

ቅሬታ መቅረቡ ጥፋተኛ መሆንን አያሳይም። አርቢው ሐሳቡን የማስረዳት፣ የቀረበበትን ቅሬታ ይዘት የማወቅና ማስተካከያ ለማድረግ በቂ ጊዜ የመጠየቅ መብት አለው። ሥልጣን ያለው አካል በሕግ አግባብ ሳይወስን ማንም ሰው እንስሳውን ሊወስድበት አይችልም። በአንጻሩ ቅሬታውን ችላ ማለት ነገሩን ያከብደዋል። አርቢው ያደረጋቸውን ማስተካከያዎች፣ ለምሳሌ የዶሮ ቤቱን ያዛወረበትን ቀን ወይም ውሻውን ያስከተበበትን የምስክር ወረቀት፣ ይዞ ቢገኝ ጉዳዩ ወደ ላይ ቢሄድም ቅን ልቦናውን ያሳይለታል።

ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው

በእንስሳ ድምፅ የተማረረ ሰው መርዝ ማስቀመጥ፣ እንስሳውን መደብደብ ወይም ሰውሮ መጣል የለበትም። የሌላውን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማጥፋት በወንጀል ያስጠይቃል። የተመረዘ ሥጋ ደግሞ ለታሰበው ውሻ ብቻ አይቀርም፤ በሰፈር የሚጫወት ሕፃን ሊነካው፣ ሌላ እንስሳም ሊበላው ይችላል። በተመሳሳይ ቅሬታ ያቀረበን ጎረቤት መዝለፍ፣ ማስፈራራት ወይም ሆን ብሎ ድምፁን ማባባስ አርቢውን ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ዶሮ ማርባት ይቻላል? መልሱ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብና በከተማው ደንቦች ላይ የተመሠረተ ነው። ደረጃ፣ መተላለፊያና ግቢ የሁሉም የጋራ ንብረት በመሆናቸው የማኅበሩ ፈቃድ ሳይኖር እንስሳ ማሰር ወይም የዶሮ ቤት መሥራት አይገባም።

እንስሳውን የያዘው ተከራይ ቢሆንስ? በቅድሚያ ተከራዩን ማነጋገር ተገቢ ነው። ካልተስተካከለ ለቤቱ ባለቤት ማሳወቅ ይገባል፤ የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ስለሆነ ደንቡ በቤቱ ውስጥ እንዲከበር የማድረግ ኃላፊነት አለበት።

የማንነቱ ያልታወቀ ውሻ ከሆነስ? ባለቤት የሌላቸው ውሾች ጉዳይ ከግለሰብ ጋር የሚያከራክር አይደለም። ለወረዳው አስተዳደርና ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይበቃል። ደጃፍ ላይ የምግብ ትራፊ አለመጣልም የውሾቹን መሰባሰብ ይቀንሳል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱትን ደረጃዎች የሚጀምር ነዋሪ በመጀመሪያ በሚኖርበት ወረዳ የመረጃ ዴስክ መቅረብ ይችላል። የክትባት፣ የማስመከንና የእንስሳት ጤና ምክር ለማግኘት በአቅራቢያው ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ይገባል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራትም ስለ እንስሳት አያያዝ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ የሠፈረ ነገር ከሌለ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ አጀንዳ አድርገው ቢይዙት ይመከራል። እንስሳው የሚቆይበትን ቦታ፣ የሚፈቀደውን ብዛትና የሌሊቱን ሰዓት በግልጽ ያሰፈረ አንድ ገጽ ደንብ ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያቃቅር ክርክር አስቀድሞ ይጠብቃል።